ቲኬቱ አለ፣ አንተ ግን የለህም

ይኼ ጽሑፍ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ። ስለ አንድ የባቡር ቲኬት ልጽፍ ተነስቼ 1968 ላይ የደረስኩበት ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው። የኛን ስጠቅስ ዓ.ም እላለሁ።)

ባለፈው ቹሶክ ነው። ቹሶክን ለማታውቁት የኮሪያኖች የመከር በዓል ነው፤ እንቁጣጣሽን ከተዝካር ጋር ደባልቃችሁ አስቡት። አገር በሙሉ ወደ አያት ቅድመ አያቱ ቀዬ ይነቀላል። በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ እንግዳ መጣብኝ፤ አብሮ አደጌ ነው። አያቱ የቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበሩ። ልጅ ሆነን እሳቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስለ ኮሪያ ብርድ ሲያወሩ እኛ ስኳር እየሰረቅን እንሰማ ነበር። ጓደኛዬ ሴኡልን ከላይ እስከ ታች ላሳይህ ብለው "ሌላውን ተወው፣ ቹንቾን ያለውን ሐውልት ብቻ አሳየኝ" አለኝ።

ይኼማ ቀላል ነው አልኩ። ቹንቾን ከሴኡል ሰሜን ምሥራቅ ናት፣ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ። ስልኬን አወጣሁና አንድ የጉዞ መተግበሪያ ከፈትኩ። ሁለት ወንበር አለ። "ያዝ" የሚለውን ነካሁ። መጀመሪያ ማንነትዎን ያረጋግጡ አለኝ። ስም፣ የልደት ቀን፣ "የውጭ ዜጋ" የሚል ምልክት፣ የስልክ ቁጥር። ሁሉንም ሞላሁ።

"ያስገቡት መረጃ አይዛመድም።"

ቦታ ሳልተው ጻፍኩት። አይዛመድም። ቦታ ትቼ ጻፍኩት። አይዛመድም። የአባቴን ስም አስቀደምኩ፣ በትልልቁ የላቲን ፊደል ሞከርኩ፣ አንዱን ቃል ቆርጬ ሞከርኩ። በመጨረሻ "ለዛሬ የተፈቀደልዎትን ሙከራ ጨርሰዋል" ብሎ ዘጋብኝ። ያን ያህል ስታገል ወንበሮቹ አልቀዋል።

እዚህ አገር ስምንተኛ ዓመቴ ነው። ለትምህርት መጥቼ እዚሁ ሥራ ያዝኩ። ግብር እከፍላለሁ፣ የጤና መድን እከፍላለሁ፣ የመኖሪያ ካርድ አለኝ፣ ስልኩም በስሜ ነው። ችግሩ ስሜ ላይ ነው። የአባቴ ስም ኃይለ ማርያም ነው፤ ፓስፖርቴ ላይ ሁለት ቃል ሆኖ ተጽፏል። የመኖሪያ ካርዴ የአባቴን ስም "የቤተሰብ ስም" አድርጎ አስቀድሞታል (የኛ ሰው የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለው ለስንት ሰው እንዳስረዳሁ እግዜር ይወቀው)። ስልኩን ያወጣልኝ የሱቅ ልጅ ደግሞ ሁሉንም አጣብቆ ጻፈው፤ ሳጥኑ ሲሞላበት መጨረሻው ላይ ቆረጠው። ባንኩ የራሱ አጻጻፍ አለው። አንድ ሰው ሆኜ ሳለ በሦስት መዝገብ ሦስት ሰው ነኝ፤ ሦስቱም አይተዋወቁም።

የደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ትሕትናዋ ልብ ይበላል፤ አሥር ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከዚያ በጣም ለስለስ አድርጋ "ኮሪያዊ ጓደኛ ካለዎት በእሱ ስም ቢያስይዙ ይሻላል" አለችኝ። ይቺን ዓረፍተ ነገር እዚህ የኖረ ሐበሻ ሁሉ ያውቃታል። ሆቴል ስትይዝ፣ የጄጁን በረራ ስትይዝ፣ የአውቶቡስ ወንበር ስትይዝ ትመጣለች። ኮሪያዊ ጓደኛማ አለኝ፤ የሥራ ባልደረባዬ ስንት ጊዜ ይዛልኛለች። ግን ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቡ የሚመለሰው ለእሷ ነው፣ መልእክቱ የሚሄደው ለእሷ ነው፤ እኔ በአርባ ዓመቴ ደብተር እንደሚፈረምለት ተማሪ ሆኜ እጠብቃለሁ።

"ለቱሪስት የእንግሊዝኛ ገጽ የለም ወይ?" ትሉ ይሆናል። አለ። ግን እንዲህ ያሉት ገጾች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ፓስፖርትና ውጭ አገር የወጣ የባንክ ካርድ ነው። የኔ ደመወዝ የሚገባው ኮሪያ ባንክ ነው። ቱሪስቱ በአንድ በር ይገባል፣ ዜጋው በሌላው። እዚህ የሚኖረው የውጭ ሰው ግን ሁለቱ በሮች መሐል ያለው ግድግዳ ላይ ቆሟል።

ጓደኛዬ ይኼን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ "ዘረኝነት ነው እንዴ?" አለኝ። ቶሎ መልስ አላገኘሁም። ማንም አልሰደበኝም። ማንም ፊቴን እንኳ አላየም። የተፋኝ ኮምፒውተር ነው፤ እኔ ደግሞ እንጀራዬ ኮምፒውተር ነው። እናም ያን ሌሊት "ይኼን ሳጥን መጀመሪያ ማን ሠራው?" የሚለውን ይዤ ቁጭ አልኩ። የጻፍኩላችሁ የሚቀጥለውን ለማለት ነው።

ጥር 21 ቀን 1968። ከሰሜን ኮሪያ የተላኩ 31 ኮማንዶዎች የደቡቡን ወታደር ልብስ ለብሰው፣ ተራራ ለተራራ መጥተው ሴኡል ገቡ። ዓላማቸው ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂን መግደል ነበር። "ሰማያዊው ቤት" ከሚባለው ቤተ መንግሥት ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀራቸው ተነቃባቸውና ተኩስ ተከፈተ። ከሞት ተርፎ የተያዘው ኪም ሺን ጆ የሚባለው አንድ ሰው ብቻ ነው (በኋላ እዚያው ደቡብ ኖሮ የፕሮቴስታንት ፓስተር ሆነ፤ የሱ ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል)። መንግሥት ክፉኛ ደነገጠ። እነዚያ ሰዎች ኮሪያኖች ናቸው፤ መልካቸውም ቋንቋቸውም አንድ ነው። መንገድ ላይ የሚሄደውን ሰው ሰላይ ይሁን ዜጋ በምን ትለየዋለህ?

መልሱ ቁጥር ሆነ።

ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም። በጦርነቱ ዓመታትም የከተማና የክፍለ ሀገር መታወቂያ ወረቀት ነበር፤ ኬላ ላይ እሱን ያልያዘ ሰው ይጠረጠራል። በ1962፣ ፓርክ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን በያዘ ማግስት፣ የነዋሪዎች ምዝገባ ሕግ ወጣ። ከ1968ቱ ጥቃት በኋላ ግን ነገሩ ጠበቀ። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ተሰጠ፣ ካርድ ታደለ። የመጀመሪያው ካርድ በኅዳር 21 ቀን 1968 የወጣው ለራሱ ለፓርክ ነው፤ ቁጥሩ 110101-100001። ለባለቤቱ 110101-200001። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለችው አሃዝ 1 ከሆነች ወንድ፣ 2 ከሆነች ሴት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ እኔ ያን ሌሊት ቆሜያለሁና። በዚያው ዓመት፣ ከዚያ ካርድ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 1960 ዓ.ም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኮሪያን ጎብኝተው ነበር። ቹንቾን ድረስ ሄደው የኢትዮጵያ ዘማቾችን መታሰቢያ ሐውልት የመረቁት ያኔ ነው። ጓደኛዬ ካላየሁ አልሄድም ያለው ሐውልትና እንዳናየው የከለከለን ቁጥር የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ እኩያሞች።

ቃኘው ምን እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ አልተርክም። በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው የመጀመሪያው ሻለቃ በሜይ 1951 ቡሳን ወደብ መድረሱን፣ ከ6,000 በላይ ሰው በዙር መዝመቱን፣ ከ120 በላይ እዚያ መውደቃቸውን፣ አንድም ምርኮኛ አለመስጠታቸውን ታውቃላችሁ። ኮሪያኖቹም አልረሱትም፤ ይኼ ሐቅ ነው። ቹንቾን ላይ በ2007 የመታሰቢያ አዳራሽ ሠርተዋል፤ አርበኞቹንና ልጆቻቸውን ይጋብዛሉ፣ የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። ታክሲ ውስጥ "ከየት ነህ?" ተብዬ "ኢትዮጵያ" ስል ሽማግሌው ሾፌር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያመሰገነኝ ቀን አለ። ውለታን የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ሳጥኑ ነው የማያውቀው።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። በ1975 ቁጥሩ ተሻሽሎ 13 አሃዝ ሆነ፦ የልደት ቀን፣ ፆታ፣ የተመዘገብክበት አካባቢ፣ ተራ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ አንዲት መቆጣጠሪያ አሃዝ። ሰላይ ለመያዝ የተሠራው ነገር ቀስ በቀስ የሁሉ ነገር ቁልፍ ሆነ። የእንግዳ ማረፊያ መዝገብ ላይ ትጽፈዋለህ፣ ባንክ ትጽፈዋለህ፣ ትምህርት ቤት ትጽፈዋለህ። ኮሪያኖቹንም ቢሆን አልማራቸውም። ከሰሜን ያመለጡ ስደተኞች መጀመሪያ በሚያርፉበት ማዕከል አካባቢ ይመዘገቡ ስለነበር፣ የአካባቢው አሃዝ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ፤ ቁጥሩን ያየ ቀጣሪ ሁሉ "ሰሜነኛ ነህ" ይል ነበር። (እኛስ ቤት? በደርግ ዘመን ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ አልነበረም? የአባቶቻችንን ኪስ ፈትሹ።)

ለውጭ ዜጎችም ቁጥር ተሰጠ። እሱም 13 አሃዝ ነው። ሲያዩት አንድ ይመስላል። ልዩነቱ ሰባተኛዋ አሃዝ ላይ ነው፤ ዜጎች 1፣ 2፣ 3 ወይም 4፣ እኛ 5፣ 6፣ 7 ወይም 8። እስከዚህ ችግር የለውም። ጉዱ መጨረሻዋ አሃዝ ላይ ነበር። ይቺ አሃዝ ከፊተኞቹ 12 ተሰልታ የምትገኝ ነበረች፤ ሰው ቁጥር ፈጥሮ እንዳይጽፍ መያዣ ትሆን ነበር። ለውጭ ዜጎች ስሌቱ እንደ ዜጎቹ ተሠርቶ ሲያበቃ 2 ይደመርበት ነበር። በቃ፣ ሁለት ብቻ። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ የኮሪያ ድረ ገጾች እንደ እንጉዳይ ሲፈሉ፣ አብዛኞቹ ፕሮግራመሮች የጻፉት የዜጎቹን ስሌት ብቻ ነበር። የውጭ ዜጋው ትክክለኛ ቁጥሩን ሲያስገባ ኮምፒውተሩ "ይኼ ቁጥር ሐሰተኛ ነው" ይለዋል። መንግሥት በሰጠው ቁጥር አጭበርባሪ ይባላል! ቁጥሩን ያለፈ ገጽ ቢገኝ እንኳ ስሙን ከብድር መረጃ ድርጅቶች ቋት ጋር ያመሳክራል፤ እዚያ ቋት ውስጥ ደግሞ የውጭ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አልነበረም። ያኔ የነበሩ ሰዎች እንደሚነግሩን "የመታወቂያዎን ኮፒ በፋክስ ይላኩ" ይባል ነበር። በዓለም ፈጣኑ ኢንተርኔት አገር፣ በፋክስ።

የባሰበት ደግሞ እንደ እኔ ትናንት የመጣው አልነበረም። ሁዋግዮ የሚባሉ ቻይናውያን አሉ፤ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ኢንቾን ወደብ ገብተው የቀሩ፣ ኮሪያ ተወልደው ኮሪያኛ አፋቸውን የፈቱ። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚባለው ነገር እንኳ የመጣላቸው በ2002 ነው። በ2006 ቋሚ ነዋሪ የሆኑ የውጭ ዜጎች በአካባቢ ምርጫ ድምፅ ሰጡ፤ በእስያ የመጀመሪያው ተብሎ ተወራለት። አስቡት እንግዲህ፦ ከንቲባ መምረጥ ይችላል፣ የሲኒማ ወንበር ግን ኦንላይን መምረጥ አይችልም።

ከዚያስ? በ2007 ትላልቅ ድረ ገጾች ላይ አስተያየት ለመጻፍ እውነተኛ ማንነትን ማረጋገጥ በሕግ ግዴታ ሆነ። ድርጅቶች የሰውን ቁጥር እንደ ጤፍ ጎተራ ሙሉ አከማቹ። በ2011 ከአንድ ትልቅ ገጽ የ35 ሚሊዮን ተጠቃሚ መረጃ ተሰረቀ፤ የአገሩ ሕዝብ 50 ሚሊዮን ነው። በነሐሴ 2012 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ያንን የ2007ቱን ሕግ ሻረው። በ2014 ደግሞ ያለ ሕጋዊ ምክንያት ቁጥሩን መሰብሰብ ተከለከለ።

እኔ እንደ ባለሙያ ይኼን ሳነብ "በቃ ተገላገሉ" ብዬ ነበር። አልተገላገሉም። ቁጥሩ ከቅጹ ላይ ወጣና ስልክ ውስጥ ገባ። አሁን ማንነትህን የሚያረጋግጡት የስልክ ኩባንያዎች ናቸው፤ ስምህ እነሱ መዝገብ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ለአንድ ኪም ወይም ለአንዲት ፓርክ ይኼ የአሥር ሰከንድ ጉዳይ ነው፤ ስማቸው ሦስት ቀለም ነው፣ ሳጥኑም የተሰፋው በነሱ ልክ ነው። ኃይለ ማርያም፣ ወልደ ገብርኤል፣ ገብረ መድኅን ሲመጡ ሳጥኑ ይቀደዳል። የቅድመ ክፍያ ሲም የያዘ፣ ስልኩ በአሠሪው ስም የወጣ፣ ካርዱ ገና ያልደረሰለት አዲስ መጪ ደግሞ ከነጭራሹ የለም።

መንግሥት አላወቀም እንዳይባል፣ በ2014 ፕሬዚዳንት ፓርክ ጉን ሄ (የዚያው የፓርክ ልጅ ናት፤ ታሪክ ይጫወታል) ስብሰባ ላይ አንድ ነገር አንስታ ነበር። ቻይናውያን አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ያዩትን ኮት ከኮሪያ ገጾች ሊገዙ ፈልገው በማረጋገጫው ምክንያት አልቻሉም፣ ይስተካከል አለች። ለውጭ ገዢዎች ተስተካከለላቸው፣ በርም ተከፈተ። ልብ በሉ፣ የተከፈተው ውጭ ሆኖ ለሚገዛው ነው። ውስጥ ሆኖ ግብር የሚከፍለው ለኮት ገዢው ያህል እንኳ አጀንዳ አልሆነም። ዛሬ ኮሪያ ውስጥ ያለነው የውጭ ዜጎች ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ነን።

ወዴት ትከሳለህ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። በ2009 አንድ ሕንዳዊ ተመራማሪ አውቶቡስ ውስጥ በቆዳው ቀለም ተሰደበ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ተሳዳቢው ተቀጣ። የተቀጣው ግን በተራ "የስድብ" ወንጀል ነው፣ ዘርን መሠረት ያደረገ አድልዎን የሚቀጣ ሕግ ስለሌለ። በ2007 የፍትሕ ሚኒስቴር የፀረ አድልዎ ሕግ ረቂቅ አውጥቶ ነበር፤ ተቃውሞ በዛበትና ሳይጸድቅ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህም ደጋግሞ ቀርቦ አልጸደቀም። የሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑ አቤቱታ ይቀበላል፣ ጥሩ ጥሩ ውሳኔም ይጽፋል፤ ውሳኔው ግን ምክር ነው እንጂ አያስገድድም። ሰዳቢ ሲኖር እንኳ ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ማንን ልክሰስ? ልጅቷ ይቅርታ ጠይቃለች። ፕሮግራመሩ ስሜን አያውቅም። የስልክ ሱቁ ልጅ ሥራ ቀይሯል።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ እኛም ንጹሕ አይደለንም። የአገር ውስጥ በረራ ለኢትዮጵያዊ አንድ ዋጋ፣ ለፈረንጅ ሌላ ዋጋ ሲባል ኖሯል፤ ላሊበላ መግቢያው ላይም እንዲሁ። እኔ ራሴ በርካሹ ገብቼ "የነሱ ገንዘብ አያልቅም" ያልኩ ሰው ነኝ። ያኔ አጠገቤ ቆሞ የነበረው አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የኖረ፣ አማርኛው ከኔ የማይተናነስ መምህር ነበር። በዶላር ሲከፍል አየሁት። ምንም አላለኝም፤ እኔም ምንም አላልኩትም።

ቹንቾንን ቀራችሁ ወይ? አልቀረንም። በማግስቱ ወደ ቹንቾን በሚሄደው ተራ የከተማ ባቡር ሄድን። እሱ ወንበር አያስይዝም፣ ስም አይጠይቅም፤ ካርዱን ማሽኑ ላይ ታስነካለህ፣ ይጮኻል፣ ትገባለህ። ለበዓል የሚሄደው ሰው ሞልቶት ስለነበር አብዛኛውን መንገድ ቆመን ነው የሄድነው። አጠገባችን የስጦታ ፍሬ በካርቶን የታቀፉ አንዲት እማማ ነበሩ፤ ጓደኛዬን ሲያዩት ቆይተው ከየት እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የካርቶኑን ጫፍ ከፍተው አንድ ትልቅ እንኰይ መሰል ፍሬ፣ እዚህ ቤ የሚሉትን፣ አውጥተው ሰጡት። ለአያቶቻቸው መሥዋዕት የያዙት ነው፤ እምቢ ቢላቸውም አልሰሙትም።

ሐውልቱ ጋ ስንደርስ ጓደኛዬ ብዙ አላወራም። ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረው። ከዚያ ፍሬውን ከኪሱ አወጣና ሐውልቱ ሥር አስቀመጠው፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "አያቴ ቢያዩኝ ምግብ ታባክናለህ ይሉኝ ነበር" ብሎ መልሶ አነሳው። በኪሴ በያዝኩት ቢላ ለሁለት ከፈልነውና በላነው።

ሲመለስ ጣቢያው በር ላይ ካርዱን አስነካ፤ ማሽኑ ጮኸ፣ በሩ ተከፈተ።

"ይኼኛው የአባቴን ስም አልጠየቀኝም" አለኝ።